የክረምት ማገዶ በበጋ ይዘጋጃል
ባሕር ዛፍን ለከተማ ማድ ቤት መቍረጥ፣ መፍለጥ፣ ማድረቅና ማከማቸት

በአዲስ አበባ ሰኔ ሲገባ ማገዶ ይወደዳል፤ ለገበያ የሚቀርበውም እንጨት አብዛኛው እርጥብ ይሆናል። በቂርቆስና በአካባቢው እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ጠላ የሚጠምቁና ድግስ የሚያሰናዱ ሰዎች ችግሩን በሚገባ ያውቁታል። እርጥብ እንጨት ሲነድ ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጭሱም የጋጋሪዋን ዓይንና ደረት ይጎዳል። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል። ሆኖም መብራት በጠፋ ቀን፣ በትልልቅ ድግስና አነስተኛ ገቢ ባላቸው ቤቶች ዘንድ እንጨትና ከሰል አሁንም ያስፈልጋሉ።

በከተማይቱ ቤት ለማሞቅ ብቻ ተብሎ የሚነድ ምድጃ የተለመደ አይደለም። በክረምትም ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቤቱ የሚሞቀው ከማብሰያው እሳትና ከከሰል ማንደጃው ነው። ስለዚህ ስለ ቤት ሙቀት መነጋገር ማለት ስለ ማድ ቤቱ ማገዶ መነጋገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው። የማገዶ እጥረት ሲነሣ ሁልጊዜ የሚታሰበው ብዙ ዛፍ መትከል ነው። መትከሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተቈረጠውን እንጨት ሳያደርቁ መሸጥና ማንደድ ከተተከለው ዛፍ የሚገኘውን ጥቅም ይቀንሳል። ማድረቅ ጊዜና ሥርዓት ይጠይቃል እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከተማይቱና ባሕር ዛፍ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። የእንጨት እጦቱ ስለ ከፋ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መናገሻቸውን በስተምዕራብ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ አደገ፤ ተቈርጦም ከጉቶው መልሶ ስላቈጠቈጠ የከተማይቱን ማገዶ ለመሸፈን ቻለ። ከተማይቱም በቦታዋ ጸናች።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. የማገዶው እጥረት እንደገና በበረታ ጊዜ በአዲስ አበባ፣ በናዝሬትና በደብረ ብርሃን ዙሪያ የማገዶ ደን ፕሮጀክቶች ተቋቁመው ሰፊ ባሕር ዛፍ ተተከለ። በዚያው ዘመን በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ የተደረገ ጥናት ከእንጦጦ ተራራ ወደ ከተማ ማገዶ ተሸክመው ስለሚወርዱ ሴቶች ኑሮ በዝርዝር አሳይቷል። አንዲት ሴት በጀርባዋ የምትሸከመው ወደ 35 ኪሎ የሚደርስ እንደ ነበር ይታወቃል።

ማገዶው ከሚደርስባቸው ሰፈሮች መካከል ቂርቆስና ካዛንቺስ ይገኙ ነበር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው። ከጊዜ በኋላ በአካባቢው የተጠጋጉ የጭቃ ቤቶች በዙ፤ በብዙ የቀበሌ ቤቶችም ማድ ቤቱና ግቢው የጋራ ነበረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። የጋራ ግቢና ጠባብ ማድ ቤት ያለባቸው ሰፈሮች ግን ዛሬም ስላሉ ከዚህ በታች የሚሰጠው ምክር ለእነርሱ ያገለግላል።

ገዢው የሚገዛው ውኃ

አዲስ ከተቈረጠ ባሕር ዛፍ ክብደት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። በነፋስ በሚገባ ሲደርቅ የውኃው መጠን ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ በሙቀት ሲለካ እንደሚከተለው ነው።

1 ኪሎ እርጥብ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት ወደ 8 ሜጋ ጁል ገደማ ነው።
1 ኪሎ በነፋስ የደረቀ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት ወደ 14 ሜጋ ጁል ገደማ ነው።

ይህን በሴቲቱ ሸክም ላይ እናስላው። 35 ኪሎ አዲስ የተቈረጠ እንጨት 280 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል። ይኸው እንጨት በተራራው ላይ ደርቆ ቢሆን ክብደቱ 22 ኪሎ ያህል ብቻ ይሆንና 308 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል። ሸክሙ በ13 ኪሎ ይቀላል፤ ሙቀቱ ግን ይበልጣል። 13ቱ ኪሎ በጀርባ ተጭኖ ከእንጦጦ የሚወርድ ውኃ ነው። በአህያና በመኪና ለሚጫነውም ሒሳቡ ያው ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። እርጥብ እንጨት እሳቱን ስለሚያቀዘቅዝ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ያመልጣል። ጥላሸትና ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ማገዶ ማለት ነው። በምድጃው ውስጥ የሚባክነው በዚህ መንገድ ስለሆነ በማድ ቤት የሚታየው ኪሳራ ከላይ ከተሰላው የባሰ ነው።

መቼና እንዴት ይቈረጥ

ለማገዶ ባሕር ዛፍን መቍረጥ የሚገባው ዝናብ ካቆመ በኋላ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ነገር ግን የልማት ሠራተኛው ሁለት ነገሮችን ማመዛዘን አለበት። ቀድሞ የተቈረጠ እንጨት ለመድረቅ ረጅም በጋ ያገኛል። በሌላ በኩል በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድባቸው ሜዳማ ቦታዎች ከጉቶው የሚወጣው ለጋ ቀንበጥ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ውርጭ በማያገኘው ተዳፋት ላይ ያለው በጥቅምትና በኅዳር፣ ውርጭ ባለበት ሜዳ ያለው ደግሞ በጥርና በየካቲት ቢቈረጥ ይሻላል። ሁለተኛው ቀንበጡን በበልግ ዝናብ ያወጣል።

በቈረጣ ጊዜ የሚከተሉት ይጠበቁ፦

1. ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቅር።
2. የጉቶው አናት ውኃ እንዳያቁር በመጠኑ ሰያፍ ሆኖ በመጋዝ ይቈረጥ። ቅርፊቱ እንዳይላጥ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ቀንበጡ የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ነውና።
3. ቅርንጫፍና ቅጠል በጉቶው ላይ አይከመር።
4. ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በእያንዳንዱ ጉቶ ላይ ቀጥ ያሉ 2 ወይም 3 ቀንበጦች ተትተው ሌላው ይነሣ። የተነሣውም ጥሩ ጭራሮ ይሆናል።
5. ቅጠሉ ሁሉ ተጠርጎ አይወሰድ። በተዳፋት ላይ የቀረ ቅጠልና ቍጥቋጦ አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል።

አፈላለጥ

ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ጭረቱ ስለሚጠላለፍ መጥረቢያን ያስቸግራል። ስለዚህ በተቈረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ በመጋዝ በአንድ ክንድ ልክ ተቈርጦ መፈለጥ አለበት። ወፍራሙ ግንድ በብረት ሽብልቅና በመዶሻ ይከፈላል። ለምጣድ የሚሆነው ፍልጥ ከእጅ አንጓ ባይወፍር ይመረጣል።

ያልተፈለጠ ግንድ ቅርፊቱ ውኃውን ስለሚይዝበት አንድ በጋ ሙሉ ቈይቶም ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ፍልጥ ግን ሥሡ ገጽ ሁሉ ለነፋስ ስለሚጋለጥ ከ3 እስከ 5 ወር ባለው በጋ ሊደርቅ ይችላል። ጭራሮና ቅጠል ለምጣድ ፈጣን ነበልባል ስለሚሰጡ ለብቻቸው ታስረው ከጣሪያ በታች ይቀመጡ።

አከማመር

1. ከሥሩ ድንጋይ ወይም ሁለት አጣና ተጋድሞ ክምሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል።
2. ክምሩ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። ፍልጡ በጣም ሳይጠጋጋ ይደርደር፤ ጫፍና ጫፉ ላይ እየተሻገረ ቢደረደር ክምሩ አይናድም።
3. የላይኛው ክፍል ብቻ በቆርቆሮ ወይም በላስቲክ ይከደን። ጎኑ ክፍት ይቅር። ክምሩን ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያሻግታል።
4. ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይለፍ፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ደግሞ ከዚያም ይነስ።
5. በየወሩ የሚመጣው እንጨት ለብቻው ይከመር፤ የመጣበት ወርም ይጻፍበት። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ።

በጠባብ ግቢ ውስጥ ከቤቱ ክፍክፍ ሥር ያለው ቦታ ይበቃል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ክንድ የሆነ ክምር ወደ 4 ኩንታል ደረቅ እንጨት ይይዛል። ክምሩና ግድግዳው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይተው።

ለአንድ ክረምት ስንት ይበቃል የሚለውን እያንዳንዱ ቤት ራሱ መዝኖ ሊያውቅ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ቤት በሳምንት 2 ጊዜ ቢጋግርና ለአንድ ጊዜ 8 ኪሎ ደረቅ እንጨት ቢፈጅ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት 18 ሳምንታት 36 ጊዜ ይጋግራል። ይህም 288 ኪሎ ማለትም ከ3 ኩንታል የማይበልጥ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ክምር ይህን ችሎ ይተርፋል።

መድረቁን በምን እናውቃለን

የደረቀ ፍልጥ ሁለቱ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እርጥቡ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። የደረቀው ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ቅርፊቱም ይላቀቃል። እሳት ላይ ሆኖ ጫፉ አረፋ የሚያወጣና የሚንጫጫ እንጨት ገና ነው።

ለማኅበር ግን ከሁሉ የሚታመነው ሚዛን ነው። ከአዲሱ ክምር መካከል ጥቂት ፍልጦች ተመርጠው ቀለም ይቀቡና ይመዘኑ። ከዚያም በየ15 ቀኑ እየተመዘኑ ውጤቱ በመዝገብ ይጻፍ። ግማሹ ውኃ የነበረ 4 ኪሎ ፍልጥ ወደ 2 ኪሎ ተኩል ሲወርድ የውኃው መጠን 20 በመቶ ደርሷል ማለት ነው። ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ክምሩ ለሽያጭ ዝግጁ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ

አንድ ገበሬ ለብቻው እንጨቱን 4 ወር ማቆየት ይከብደዋል፤ ገንዘቡ ወዲያው ያስፈልገዋልና። እርጥብ እንጨት ወደ ከተማ የሚወርድበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ማኅበሩ ሊሠራ የሚችለው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ከአባላቱ እንጨቱን ሲረከብ የዋጋውን ከፊል በቅድሚያ ከፍሎ፣ ቀሪውን ደርቆ ሲሸጥ ያከፋፍላል። የማድረቂያው ቦታ ደኑ አጠገብ ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ ውኃው በነፋስ ይሄዳል እንጂ የመጫኛ ኪራይ አይከፈልበትም።

ሽያጩም በዓይን ግምትና በሸክም ሳይሆን በኪሎ ቢሆን፣ የእርጥቡና የደረቁ ዋጋም ቢለያይ ገዢውም ሻጩም አይጎዱም። በኪሎ እየሸጡ ዋጋውን አንድ ማድረግ ግን ውኃ ለሚሸጠው ያደላል። በከተማ ያሉ የእንጀራ ጋጋሪ ማኅበራትና ዕድሮች ከበጋው ጀምሮ ውል ቢገቡ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የልማት ሠራተኛው ደግሞ በቃል ብቻ ከማስረዳት ሠርቶ ማሳያ ቢያዘጋጅ ይመረጣል። በአንድ ምጣድ፣ በአንዲት ጋጋሪ፣ እኩል ብዛት ያለው እንጀራ አንድ ቀን በእርጥብ፣ በማግሥቱ በደረቅ እንጨት ይጋገር። ያለቀው እንጨትና የፈጀው ጊዜ ይመዝገብ። «ምርጥ» የተባለው የምጣድ ምድጃ ካለ ሙከራው በእርሱም ይደገም። ይህ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ሊያድን የሚችል ቢሆንም፣ ጥቅሙ በሙሉ የሚገኘው በደረቅና በቀጭን ፍልጥ ነው።

ጥንቃቄ

ደረቅ እንጨት ቶሎ ይቀጣጠላል። ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ክምሩ ከምድጃውና ከኤሌክትሪክ መስመር ይራቅ፤ መውጫ መንገድ አይዝጋ። እንጨትን ለማድረቅ ብሎ በምድጃ ዙሪያ መደርደር የቃጠሎ መንስኤ ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ከሰል ነው። የጋመ ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ጭስ ስለማይታይበት ሰዎች ብርድን ፈርተው ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብተው በር ይዘጋሉ፤ ተኝተውም ሳይነቁ ይቀራሉ። ማንደጃ ያለበት ክፍል በርና መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ከመተኛት በፊትም ከሰሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዛል የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቶ ነፋስ ያግኝ፤ ወደ ሕክምናም ይወሰድ።

የሥራው ወራት በአጭሩ

ከጥቅምት እስከ ኅዳር፦ ውርጭ በሌለበት ተዳፋት ቈረጣና ፍለጣ።
ከጥር እስከ የካቲት፦ ውርጭ ባለበት ሜዳ ቈረጣና ፍለጣ፤ የመጀመሪያውን ክምር መመዘን።
ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ፦ ክዳኑን ለበልግ ዝናብ ማጠንከር፤ ከገዢዎች ጋር ውል መፈጸም።
ግንቦት፦ የደረቀውን መዝኖ ወደ ከተማ ማጓጓዝ፤ በየቤቱ ከክፍክፍ ሥር መከመር።
ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ከአሮጌው ክምር ጀምሮ መጠቀም፤ የፈጀውን እየመዘገቡ ለሚመጣው ዓመት ማቀድ።

በግንቦት መጨረሻ ክምሩ በጣሪያ ሥር የገባለት ቤት በሐምሌ ዝናብ እርጥብ እንጨት በውድ ዋጋ ለመግዛት አይገደድም።