ሳይቃጠል በቅጠል

በሽታ ሁሉ አመጣጡ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥርሱን የታመመ ሰው ሌሊቱን ሲያቃስት ያድርና ሳይነጋ መድኃኒት ይፈልጋል። በተለምዶ ስትሮክ የሚባለው የአንጎል ምት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም ይመጣል። የአንድ ወገን እጅና እግር ይዝላል፤ አፍ ይጣመማል፤ አንደበት ይተሳሰራል። የማያም ነገር ደግሞ አያስቸኩልም፤ የመዘግየቱም መነሻ ይኸው ነው።

በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ቀበሌ የሚኖሩ አዛውንት ማለዳ ሲነሡ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው እንበል። አንዱ «ብርድ ነው፤ ይታሹ» ይላል። ሌላው «መጋኛ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ታላቁ ልጅ ከገበያ ይመለስና እንማከር» ይላል። ምክሩ ሲያልቅ ገንዘብ ይፈለጋል፤ ከዚያም ጎረምሶች ተጠርተው በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ እስኪያደርሷቸው ፀሐይ ትጠልቃለች። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ለቆ የሄደ እንደ ሆነ ነው። ቤተ ሰቡ «ተመስገን፤ ተዋቸው» ብሎ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ያ የዋናው ምት ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

የድኽነት ነገር ብቻ ነው እንዳይባል፣ በየካቲት 1945 ዓ. ም. የሶቪየት መሪ ስታሊን በዚሁ በሽታ ወድቀው ሳለ ጠባቂዎቻቸው ወደ ክፍላቸው ለመግባት ፈርተው ብዙ ሰዓት አለፈ፤ ሐኪሞች የደረሱት በማግሥቱ ጠዋት ነበር። የእኛም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ. ም. ከባድ ምት አግኝቷቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. እስኪያርፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ታመው ኖረዋል። በዚያን ዘመን በዓለም ሁሉ ፍቱን ሕክምና አልነበረም። ዛሬ ግን አለ፤ ዋጋው የሚለካውም በሰዓት ነው።

ምክንያቱም ዋና የአንጎል ደም ሥር በተዘጋ ጊዜ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም ደም አለመፍሰሱ በአንጎል ምርመራ ከታየ በኋላ ነው።

«መድኃኒቱ በየሆስፒታላችን ከሌለ፣ አዲስ አበባም ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ፣ መቸኮሉ ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ይረባል። የደም ግፊትንና የስኳርን መጠን መቆጣጠር፣ በሽተኛው ምግብ ወደ ሳንባው እንዳይገባበት መጠበቅ፣ ሁለተኛ ምት እንዳይከተል መከላከል፣ እነዚህ ሁሉ በጊዜ ሲደረጉ ከሞትና ከሽባነት ያድናሉ።

ጠበሉን የሚነቅፍ የለም፤ ሐኪም ቤት መሄድ ጸሎትን አይከለክልም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ያዩ እንደ ሆነ ሰዓቱን ይያዙ፤ በሽተኛው መዋጥ መቻሉ ሳይታወቅ ውሃም ሆነ ምግብ አይስጡ፤ ምክሩን በመንገድ ላይ አድርጉት። ከሁሉም በፊት ደግሞ ደም ግፊትዎን ያስለኩ፤ እርሱም እንደ ምቱ ሁሉ ሳያሳምም የሚኖር ጠላት ነውና።