ጨሞና የማታው ጉባኤ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉት የቡና አገሮች ፀሐይ ወደ ደኑ ስትጠልቅ፣ ከየቤቱ ጣሪያ የሚወጣው ጢስ ከጤና አዳምና ከዝንጅብል ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በመንደሩ ላይ ሲያንዣብብ፣ አንድ ሕፃን ከአጥር ወደ አጥር እየሮጠ «ጨሞ ደርሷል፣ ኑ ብላለች እናቴ» እያለ ሲጣራ ሰምቶ መንገዱን የቀጠለ መንገደኛ፣ ከአገሩ የሚበልጠውን ነገር ሳያይ አለፈ ብዬ አዝንለታለሁ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንዲሁ አልፌ ሄጃለሁና፣ ያንን ዕዳ ለመክፈል ይህን ጽሑፍ ጀመርሁ።

ጨሞ የቡና ተክል ቅጠል ከቅመማ ቅመምና ከጨው ጋር ተፈልቶ በትኩሱ የሚጠጣ መጠጥ ነው። የቤንች፣ የሸኮ፣ የሸካና የከፋ ሕዝቦች እያንዳንዳቸው በየሙያቸው ያሰናዱታል፤ መዠንግሮች ካሪ ይሉታል፤ በወላይታ ሐይታ ቱኬ ይባላል፣ ፍችውም የቅጠል ቡና ማለት ነው። በሐረር በኩል ደግሞ ቁጢ የሚባል የቅርብ ዘመዱ አለ፤ እርሱ ግን ቅጠሉ ደርቆና ታምሶ ብዙ ጊዜ ከወተት ጋር ስለሚጠጣ ጠባዩ የተለየ ነው። የፍሬውን ቡና ሥርዐት፣ ማለት ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በጀበና አፍልቶ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣትን፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን እዚህ ላይ አቆመዋለሁ።

ጨሞን መጀመሪያ የቀመስሁት ከሚዛን ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር፣ ዝናብ አስገድዶኝ በተጠለልሁበት ቤት ነው። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው ለስላሳ፣ እጃቸው ግን ከሥራ የማያርፍ ሴት ነበሩ። ልጃቸውን ወደ ጓሮ ልከው ቅጠል ሲያስመጡ፣ ልጅቱ ፍሬ ያዘለውን ቅርንጫፍ ሳትነካ ከግንዱ ሥር ካቆጠቆጠው ቀንበጥ ብቻ እየመረጠች ስትቀጥፍ አየሁ። ያ ቀንበጥ ቢተው የዛፉን ጉልበት የሚበላ፣ ባለሙያ ገበሬ ቈርጦ የሚጥለው ነውና፣ የመጠጡ መሰናዶ ለተክሉም ማረሚያው ሆነ። ቅጠሉ ለብ ተደርጎ በሙቀጫ ተወቀጠ፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና የምታቃጥለው ትንሿ ቃሪያ በየተራቸው ገቡ፤ ሁሉም በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ከሚንተከተከው ውሃ ጋር ተዋሐደ፤ በመጨረሻም ጨው ተጨመረበት። በቅል ተቀድቶ ሲሰጠኝ ቀለሙ አረንጓዴም ቡናማም ያልሆነ፣ ሽታው የዝናብ ማግስት ጫካን የሚያስታውስ ነበር፤ ስጐነጨው አስቀድሞ ጨው፣ ቀጥሎ የቅጠሉ ምሬት፣ ከሁሉ በኋላ ጉሮሮን እያሞቀ የሚወርድ እሳት መጣ። የቡና ስባቱ መፋጀቱ የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ መጠጥ የተነገረ መሰለኝ።

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ዛሬ የሚያሳፍረኝን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ «እማማ፣ ቡናው አልደረሰላችሁም ይሆን?»

እርሳቸውም ሳይቀየሙ፣ «ቡናማ ከቀትር በፊት ጠጣን፣ ልጄ፤ ይኸኛው የማታ ነው» አሉኝ። ዘወር ብዬ ብመለከት በቤቱ ማዕዘን እስከ አፉ ጀንፈል የሞላ ጆንያ ቆሟል።

ስለ ጨሞ ከሚነገረው ስሕተት ሁሉ የከፋው ይኸው የእኔ ጥያቄ የተሸከመው ነው፤ ይኸውም ጨሞ ድኻ ፍሬውን ሸጦ ሲጨርስ በቀረው ቅጠል ራሱን የሚያጽናናበት ምትክ ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን ከአዲስ አበባ ከሚመጡ ነጋዴዎች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከተማሩ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ፤ ይባስ ብሎም በዚያው በቡናው አገር ተወልደው፣ ከተማ ገብተው፣ በእናታቸው ማሰሮ ማፈር ከጀመሩ ወጣቶች ሰምቼዋለሁ። የሁሉም ማስረጃ አንድ ነው፤ ፍሬ እያለ ቅጠል የሚጠጣ ማን ነው ይላሉ።

የሚጠጣውማ ጀንፈሉ በጆንያ የቆመለት ሰው ነው። በእነዚህ አገሮች ቡና እንደ ሩቅ ሸቀጥ በሲኒ ተለክቶ የሚገዛ አይደለም፤ ዐረቢካ የተባለው የቡና ዘር የበቀለው በእነዚሁ ደኖች ነው፤ የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆነው ሲመዘገቡ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። በበበቃና በቴፒ ያሉት ታላላቅ እርሻዎች በሺህ በሚቈጠር ሄክታር የተዘረጉ ናቸው፤ የገበሬውም ጓሮ ቢሆን ቡና የሌለበትን ማግኘት ያዳግታል። እንዲህ ባለ አገር ጨሞ የእጦት ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ ጥጋብ ባለበት ቤት ማሰሮው በቀዘቀዘ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ቤቱ በሞላ ቁጥር ማሰሮው ይተልቃል፣ የቅመሙም ዓይነት ይበዛል።

የድኻ መጠጥ ነው የሚል ሰው አንድ ጊዜ የቅመሙን ሙያ ቢመለከት ዝም ይል ነበር። ሰባትና ስምንት ዓይነት ተክል ከጓሮ ለቅሞ፣ የትኛው ከፈላ በኋላ እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀድም ለይቶ፣ ለእንግዳ ቃሪያውን ቀነስ፣ ለጉንፋን ዝንጅብሉን ጨመር አድርጎ ማፍላት የልምድ ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ሥራ ነው። የቅመማ ቅመም ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ቴፒ ላይ መቋቋሙ ያለ ነገር አይደለም፤ ኮረሪማው፣ እርዱ፣ ቁንዶ በርበሬውና ዝንጅብሉ ያንን አፈርና ያንን ዝናብ ይወዳሉ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ የዝንጅብሉን ማሳ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ሲያጠፋው፣ ጋዜጣ የጻፈው ስለ ገበያው ነበር፤ የባልቴቶቹ ሐዘን ግን ስለ ጨሞው ጭምር ነበር። ዝንጅብል የጐደለው ጨሞ ካህን እንደሌለበት ቅዳሴ ነው ያሉኝ አንዲት እናት ቃላቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህ የምትክ ታሪክ ከየት እንደ መጣ ሳስብ አንድ የሩቅ አገር ይታወሰኛል። በኢንዶኔዢያ፣ በሱማትራ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል ካዋ ዳውን የሚባል የቡና ቅጠል መጠጥ አለ፤ በዚያ አገር የሚተረከውም፣ የሆላንድ ገዢዎች ሕዝቡን ቡና በግዴታ እያስተከሉ ፍሬውን ሁሉ ስለ ወሰዱበት ቅጠሉን መጠጣት ጀመረ የሚል ነው። ለእነርሱ ታሪካቸው ነው፤ በቤንችና በሸካ ግን ፍሬውን ጠቅልሎ ሕዝቡን በቅጠል ያስቀረ የሆላንድ ገዢ አልነበረም፤ የሌላውን ልብስ አምጥቶ ለእኛ መጠጥ ማልበስ ተገቢ አይደለም።

የውጭው ዓለም ወደዚህ አገር የመጣው ዘወትር ፍሬ ፍለጋ ነው። ከሚዛን ብዙ ከማይርቀው ከጌሻ አካባቢ በ1930ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የተወሰደው ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ መካከለኛው አሜሪካ ደረሰ፤ በዚያው አቆጣጠር በ2004 ደግሞ ፓናማ ላይ በተደረገ ውድድር አንደኛ ወጥቶ በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። ቅጠሉን ግን የጠየቀ አልነበረም። ለንደን ላይ በ1851 በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የቡና ቅጠል እንደ ሻይ ተሰናድቶ ቢቀርብም ሳይለመድ ቀረ፤ የአውሮፓ ኅብረትም የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው ገና በ2020 ነው። የፈቃዱ መዝገብ የሚለው «ከሦስተኛ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ» ነው፤ እኛ የምናፍርበትን ሌላው በሕግ ባህል ብሎ ጽፎታል።

ወደ ጉባኤው ልመለስ። የቀትሩ ቡና ፈጣን ነው፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ወደ ሥራ ይመለሳል። ጨሞ ግን የሚጠጣው እጅ ከታጠበ፣ ከብት ከገባ፣ የተቀቀለው ጎደሬ በገበታ ከቀረበ በኋላ ነው፤ ማሰሮው ትልቅ ስለሆነ በአንድ ዙር አያልቅም፤ መጠጡ ስለሚያቃጥል በጥድፊያ አይጠጣም። በዚህም ምክንያት ጐረቤት ሁሉ ሳይቸኩል ይቀመጣል፤ ወሬውም ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ የታመመ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ጫካ ውስጥ በዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ንብ ገብቶበት እንደ ሆነ፣ የማን ልጅ በኳስ ጨዋታ ግብ እንዳገባ፣ የማን ላም እንደ ወለደች ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ሬዲዮ የሰማ ሰው የእሸት ቡናን ዋጋና የመንግሥትን ነገር ያመጣል። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል ሕዝበ ውሳኔ በቀረበበት ሰሞን፣ ከአዳራሹ ይልቅ ነገሩ ጥርት ብሎ የተመረመረው በማሰሮው ዙሪያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወተትና ቅቤ ስለማይገባበት በጾም ወራትም አይቋረጥም፤ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ በአንድ ደጃፍ ሲጠጡት አይቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ የሄደች ልጅ ሰዓቱን ጠብቃ ትደውላለች፤ ስልኩ እንደ ቅል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ «የማሰሮውን ድምፅ አሰሙኝ» ያለችውን አንዲቱን እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

ስለ ጤና ነገር ግን ወዳጆቼን ጥቂት መቈጣት ይኖርብኛል። ቅጠሉ ካፌይን አለው፤ ከፍሬው ያነሰ ቢሆንም እንቅልፍ የሚነሣው ሰው መጠኑን ማወቅ አለበት። የደም ግፊት ያለባቸው ጨዉን ይቀንሱ፤ የጨሞው ጣዕም በቅመሙ እንጂ በጨው ብዛት አይደለም። ከማሰሮ ወደ ጉሮሮ የሚሉም አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በፈረንጆች 2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ለምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሊሆን ይችላል ብሏልና፣ በቅሉ ውስጥ ጥቂት እንዲቀዘቅዝ መታገሥ ከሙያ የሚቈጠር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቴፒ ቈላ ወባ አለ፤ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን «ጨሞ ያላብሰዋል» ብሎ እቤት ማዋል ፍቅር አይደለም። ይኸው ጉባኤ ሌሎቹን ሁሉ አውቆ ይህን አያውቅም ልል አልደፍርም፤ ልጇ የታመመባትን አንዲት እናት ክንዷን ይዘው ሌሊቱን ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዷት የጨሞ ጐረቤቶቿ እንደ ነበሩ አውቃለሁና።

ቅጠል ቀጣፊዎችም ይስሙኝ፤ ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ መላጨት ዛፉንም ጨሞውንም መበደል ነው። ለንግድ ብለው ያረጀ ቅጠል በስኳር አፍልተው «የባህል ሻይ» የሚሉ ምግብ ቤቶችም፣ ስሙን ቢተዉልን ይሻላል።

አንተም አንባቢ፣ መንገድህ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ካደረሰህ፣ ማታ ከሆቴልህ ውጣ። የሚጣራ ሕፃን ከሰማህ ግባ፤ ቅሉን በሁለት እጅህ ተቀበል፤ ቡና አለ ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ ሁለተኛው እስኪቀዳም አትነሣ።