ከዱቲ በኋላ ሃያ ደቂቃ

ጭሮ ውስጥ «መብራት ልሙቅ» ብለው ወደ ሕክምና ክፍሌ የሚመጡ ነርሶች ጠዋት ነው የሚመጡት፤ የለሊት ዱቲ ጨርሰው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። ከፍና ዝቅ በማይል አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው በሽተኛ ሲያገላብጡ ማደር የማንንም ወገብ ይይዛል።

ኢንፍራሬድ መብራት ማለት 250 ዋት የሚሆን ቀይ አምፖልና ማቆሚያ ነው። ቀላል ስለሆነ ይናቃል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

ዋጋውን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ቆጣሪውን ነው። እናስላው፦ ሃያ ሃያ ደቂቃ 12 ጊዜ ቢሞቁበት የሚፈጀው 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን በሩብ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ከሂርና ለምትመጣ ሲስተር ግን ወጪው ሌላ ቦታ ነው፦ 12 ጊዜ የሚኒባስ ደርሶ መልስ፣ ከዱቲ በኋላ ሳይተኙት የቀረ እንቅልፍ። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አያቅፋትም፤ ለእሷ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ 690/2002 ደግሞ ከወጣ በኋላ ትግበራው በተደጋጋሚ ሲራዘም ኖሯል።

ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት ሌላም በር አለ፤ «ቀይነቱ ነው የሚያድነው» የሚለው እምነት። አንዲት ነርስ ለጌጥ የሚሰቀል ቀይ ኤልኢዲ ገዝታ አንድ ወር ሙሉ ሥሩ ስትተኛ ከረመች። ወገቧ እንደነበረው ነው፤ ነገሩን ስሰማ በጣም አዘንኩ። እ.ኤ.አ. በ1800 የከዋክብት ተመራማሪው ዊልያም ሄርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ለማነጻጸሪያ ከቀዩ ባሻገር፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ያኖረው ቴርሞሜትር ከሁሉም በልጦ ጋለ። ኢንፍራሬድ የተገኘው በዚህ ነው። ቆዳን አሙቆ የተያዘውን ጡንቻ የሚያላላው ያ የማይታየው ነው፤ ለጌጥ የሚሰቀለው ኤልኢዲ ደግሞ እሱን እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይሰጥም። «ጨረር ነው» ብለው የሚሸሹትም ይሳሳታሉ፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም ከራጅ ጋር አይገናኝም። ሳያሞቅ ይሠራል የሚባለው የሌዘር ሕክምናም ሌላ መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም አይቀራረብም።

አንዳንዱ ደግሞ ቶሎ ይሻለኛል ብሎ አምፖሉን ጀርባው ላይ ሊያስጠጋ ይደርሳል። እባካችሁ ተዉ! ርቀቱ ቢያንስ አንድ ክንድ ይሁን። ቅባት ተቀብታችሁ አትሙቁ፣ የደነዘዘ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አታብሩት፤ የማይሰማው ቆዳ እየተቃጠለ ዝም ይላል።

ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምን መብራቱ ብቻውን አይነቅልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከሚመክራቸው አንዱ የአካል እንቅስቃሴ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በውድ የምትገዙትን የወገብ ቀበቶ ግን አይመክርም። ከመብራቱ የምፈልገው ወገቡ ለእንቅስቃሴ እሺ የሚልበትን ያን ጥቂት ጊዜ ነው። ሞቆ በቀጥታ ወደ አልጋ የሚሄድ ሰው ግማሹን ትቶ ሄደ ማለት ነው።

የሂርናዋ ሲስተር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ዕቁብ ገብተው አምፖሉን ከነማቆሚያው ገዝተዋል። ተራ በተራ ይሞቃሉ፤ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ርቀቱን በክንዷ ትለካለች፣ ሃያው ደቂቃ ሲሞላም አጥፍታ «ተነሺ፣ አሁን እንቅስቃሴው» ትላታለች።