መውጫ የሌለው የሐይቅ ውኃ ከጨው ክምችት ሊጠበቅ ይገባል

በደቡብ ወሎ ዞን፣ ከአምባሰል በሚዋሰነው የተሁለደሬ ወረዳ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሎጎ ሐይቅ ውኃው ጨዋማ ያልሆነ፣ ለዓሣ አስጋሪዎችም መተዳደሪያ የሆነ የተፈጥሮ ሀብት ነው። ከባሕር የራቀ ቢሆንም ከጨዋማነት ስጋት ነፃ አይደለም። ጅረቶች ቢገቡበትም የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው፣ ውኃው በትነት ሲቀንስ ከጅረቶቹ ጋር የገባው ጨው በውስጡ ይቀራል።

በስምጥ ሸለቆ የሚገኘውና እንደዚሁ መውጫ የሌለው የአብጃታ ሐይቅ፣ ገባር ወንዞቹ ለመስኖ በመጠለፋቸውና ለሶዳ አሽ ምርት ውኃው በመወሰዱ መጠኑ በእጅጉ ቀንሷል፤ ጨዋማነቱ በመጨመሩም የዓሣ ሀብቱ ተመናምኗል።

በመሆኑም የሎጎ ሐይቅን ጅረቶች ለመስኖ ለመጥለፍ ሲታቀድ፣ ወደ ሐይቁ የሚደርሰው ቀሪ ውኃ ትነቱን ለመተካት መብቃቱ አስቀድሞ ሊመዘን ይገባል።