የጥጃ ቤት ውስጥ ሙሽራ ይገባል?

መቼም ሰው ሊያገባ ሲነሳ የሚያስጨንቀው ነገር ብዙ ነው። ሽማግሌው፣ ድግሱ፣ የሚዜው ልብስ… እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ሙሽራዬን የት ላስገባት?»

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። አከራዬ ሊጨምሩብኝ መሆኑን በሰማሁ ሰሞን አባቴ ጠራኝና፣ «ሴቻ፣ እኛ ግቢ ያለችውን የጓሮ ቤት አድሷትና ግቡባት» አለኝ። የትኛዋን ቤት መሰላችሁ? በልጅነቴ ጥጃ የምናስርባት፣ ኋላ የተሰበረ ወንበርና አሮጌ ጎማ ማጎሪያ የሆነች የጭቃ ቤት! ግድግዳዋ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ እግሯን ምስጥ ጨርሶታል።

«የሰው ልጅ ጥጃ ቤት ከተታት ልባል?» አልኩ። ሐሳቤ ቤቷን አፍርሼ፣ ተበድሬ በብሎኬት መሥራት ነበር። ለእጮኛዬ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ብድሩን ከፍለን ስንጨርስ ልጃችን ትምህርት ቤት ይገባል። ለመሆኑ እኔ የማገባው አንተን ነው ብሎኬቱን?» አለችኝ። ተኮራረፍን። ሳምንት ሙሉ ቃል አልተለዋወጥንም።

አባቴ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። እሁድ ሁለታችንንም ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ፣ ወደ ዶርዜ ወጣ። የጨንቻን ዳገት የወጣ ያውቀዋል፤ ታች በሙቀት ላብ ሲያጠምቀው የነበረ ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

የዶርዜን ቤት ላላያችሁ ልንገራችሁ። ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተሸምኖ፣ የእንሰት ቅጠል ለብሶ የሚቆም ረጅም ቤት ነው። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ፊቱ ደግሞ ቁርጥ የዝሆን ጭንቅላት! አባቴ የወሰደን የአጎቱ ቤት ግን ጎንበስ ካላሉ የማይገቡበት አጭር ነበር። «እኔ ልጅ ሳለሁ ይሄ ቤት በጣም ይረዝም ነበር» አለን።

ምሥጢሩ ምን መሰላችሁ? ምስጥ ከሥር ሲበላው የዶርዜ ሰው ቤቱን አያፈርስም። የተበላውን ከሥር ቆርጦ ይጥልና በደህናው ይኖራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይሄኔ ነው። ቤቱም እያጠረ እያጠረ አሥርት ዓመታት ያገለግላል።

ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጎጆ ነበረች። የአጎቱ ሚስት ወደ እሷ እያመለከቱ፣ «ሙሽሮች መጀመሪያ የሚገቡት እዚያች ነው። ትልቁ ቤት ቀስ ብሎ ይመጣል» አሉን። እጮኛዬ ሰረቅ አድርጋ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «በቃ አናፍርሳት፣ እግሯን እንቁረጥ» አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

እንዲህ አደረግን። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ቋሚ በካቻቢቴ ወጋነው። ካቻቢቴው ሰተት ብሎ የገባበት በስብሷል፤ አልገባ ያለው ደህና ነው። ማገሩም፣ ወራጁም፣ ቆርቆሮውም ደህና ነበሩ፤ የሞተው መሬት የነካው ብቻ ነው። ጣሪያውን በድጋፍ አቁመን፣ የበሰበሰውን ቆርጠን፣ ሥሩን በድንጋይና በሲሚንቶ ገነባን። ይህን ልብ በሉ፤ እንጨቱ አፈር ካልነካ ምስጡ ለመውጣት ድንጋዩ ላይ የአፈር መንገድ መሥራት አለበት። ያኔ ታዩታላችሁ፣ ትጠርጉታላችሁ።

ቀጥሎ የዝናቡ ውሃ ከግድግዳው የሚርቅበት ቦይ ቆፈርን። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተን ጥቂት ቀን አሳድረን መረግን። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ደርቆ ስንጥቁ ሳይታይ ሁለተኛውን እንዳትደርቡ፤ ይረግፍባችኋል። ለሙቀቱ ትይዩ ሁለት መስኮት አወጣን፤ ለወባ ትንኝ ደግሞ መስኮቱን ወንፊት ሽቦ አለበስነው። ጓደኞቼ በየእሁዱ ጭቃ ሊረግጡ መጡ፤ እጮኛዬም ቀሚሷን ሰብስባ አብራ ረገጠች። ወጪው? ልበደር ካሰብኩት ጋር አይወዳደርም።

እናንተ ለማግባት የምታስቡ ወጣቶች፣ ለሰው ዓይን ስትሉ ዕዳ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት እስኪ ጓሯችሁን ተመልከቱ። የበሰበሰው ሁሉ ነው ወይስ እግሩ ብቻ? ኩርፊያም እንደዚያው ነው፤ የተበላውን ቆርጦ በደህናው መኖር።

ሠርጉ አልፎ ዘመድ አዝማድ «ቤት ለእንቦሳ!» እያለ ገባ። እናቴ «እንቦሳ እሰሩ» ማለቱን ትታ፣ «እንቦሳዋን አስወጥተን አይደል እንዴ ሙሽራዋን ያስገባነው!» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም!