ውሃ ለመጠጣት የማትደፍር እናት

የእርግዝና ክትትል ልታደርግ የመጣችን እናት የደም ግፊቷን ለክቼ፣ የዓይኗን ቆብ ገልጬ አይቼ፣ የጽንሱን የልብ ምት ካዳመጥሁ በኋላ ካርዱ ላይ የሌሉ ሁለት ጥያቄዎች እጠይቃታለሁ። «ውሃ ማን ይቀዳልሻል? ቀን ቀንስ የት ነው የምትውይው?» ሐረር ላይ አዋላጅ ሆኜ ስሠራ የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ነገር የገባኝ በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

የሐረርን ፈረስ መጋላ አደባባይ ለሚያውቅ የሁለተኛው ጥያቄ ምክንያት ግልጽ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አደባባዩ ላይ ጥላ ማግኘት ዘበት ነው። በጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ዙሪያ ባጃጁና አሮጌው ፔጆ ታክሲ ይተራመሳል። ማለዳ በኤረር በር የገቡት የገጠር ሴቶች ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈው ይሸጣሉ። ከመካከላቸው ነፍሰ ጡር አትጠፋም።

ሰባት ወር ያለፋት አንዲት ጫት ሻጭ ሽንቷ ሲያቃጥላት ሰንብቶ መጣች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ለምርመራ የሰጠችው ሽንት የሻይ መልክ ይዟል። «ውሃ አትጠጪም እንዴ?» አልኋት።

«ሲስተር፣ ብጠጣ የት እሸናለሁ?»

ሌሊት ከቤቷ ስትወጣ አንድ ኩባያ ትጠጣለች፤ ከዚያ በኋላ ማታ ነው። ለመጸዳዳት እነሣለሁ ብትል ጫቱን የሚጠብቅላት የለም፤ ቢኖርም የምትሄድበት ቦታ የለም። ስለዚህ ከጥማት ጋር ትውላለች። እኛ ጤና ባለሙያዎች «ውሃ ጠጪ፣ ዕረፍት አድርጊ» ብለን እናሰናብታታለን። ምክሩን እሷም ታውቀዋለች። የጎደላት ጥላና መጸዳጃ ቤት ነው፤ ይህን ደግሞ በማዘዣ ወረቀት መጻፍ አይቻልም።

በሆዷ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ላስረዳ። እርጉዝ ሰውነት በራሱ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ የልጁም ሙቀት የሚወጣው በእናቱ በኩል ነው። ውጭው ሲግል ሰውነቷ ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳዋ ያዞራል። በላብ የወጣው ውሃ ካልተተካ ደግሞ የደሟ መጠን ራሱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ሊያንስ ይችላል። ማህፀኗ ቀኑ ሳይደርስ መኮማተር ሊጀምር ይችላል፤ ቶሎ ያልታከመ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያለጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ሥራ ከ27 አገሮች የተሰበሰቡ 70 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ያለጊዜው የመወለድም ሆነ ሞቶ የመወለድ ዕድል በ5 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ለእኔ ይበልጥ የሚቀርበኝ ግን በ2022 የወጣው የጋምቢያ ጥናት ነው፤ የተጠኑት ፀሐይ ላይ እርሻ ሲሠሩ የሚውሉ 92 ነፍሰ ጡሮች ናቸውና። የሙቀቱ ጫና በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ጽንሱ የመጨነቁ ዕድል በ17 በመቶ ያድግ ነበር። ሐረር ወይና ደጋ ናት፤ እንደ ድሬዳዋ አታቃጥልም። ሸክም ተሸክማ ከኤረር ቆላ ዳገቱን ለወጣች እናት ግን ይህ ብዙም አያጽናናም።

«ውሃ ማን ይቀዳልሻል?» የሚለው ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። ከተማችን ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ደረቀ። ጥፋቱን ሁሉ በአየር ንብረት ላይ መጫን ሐቅ አይሆንም፤ ውሃው ለጫት መስኖ ሲሳብ ኖሯል፣ ደለል ሞልቶታል፣ ከተሞችም ጠጥተውታል። የሙቀቱ መጨመር በዚህ ሁሉ ላይ ተደረበ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ቢመለስበትም፣ ሐረር ከድሬዳዋ ቆላ፣ ከሀሰሊሶ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ የሚገፋ ውሃ ጠባቂ ሆናለች። ቧንቧው ጭር ሲል ቢጫው ጀሪካን ይነሣል። ባለ ሃያ ሊትሩ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ መውለጃዋ የደረሰ እናት ጀርባም ከእሱ አያመልጥም።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ያጠራቅማል፦ በርሜል፣ ሮቶ፣ ባልዲ። እዚህ ላይ አዲስ እንግዳ መጣብን። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ በደረቁ ወቅት ሲነሣ ተጠያቂዋ እሷ ሆና ተገኘች። ዝናብ ሲጠፋ ወባም ይጠፋል የሚለው የቆየ ግምታችን እንግዲህ አይሠራም። ወባ በእርጉዝ ላይ ይከፋል፤ ደሟን ያሳንሳል፣ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይደበቃል፣ ልጁ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል፣ አንዳንዴም ሞቶ። የማውቃቸውን እናቶች በርሜሉን በደንብ በሚገጥም ክዳን እንዲከድኑ፣ ባዶ ሲሆንም ውስጡን ፈግፍገው እንዲያጥቡ እለምናለሁ። በዚሁ በርሜል የምትራባው ሌላ ትንኝ፣ የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ፣ እንቁላሏ ከግድግዳው ተጣብቆ ሳይሞት ወራት ይቆያልና።

የዝናብ መጥፋት ጉዳቱ በወባ አያበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብና በምሥራቅ የአገራችን ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ አለቀ፣ ወተቱም ነጠፈ። በ2023 ጉዳዩን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ሰው ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለው ድርቅ የሚከሰትበትን ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው ተናግረዋል። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር የነበረች እናት እርግዝናዋን ያሳለፈችው በባዶ ሆድ ነው።

ወደ ሙቀቱ ስመለስ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጁገል ውስጥ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው የጥንት ቤቶች ቀትር ላይም ይቀዘቅዛሉ። አራስና ጨቅላ ካላቸው ቤተሰቦች ጋር ስነጋገር፣ ቆርቆሮ ክዳን ካለው ክፍል ይልቅ በዚያ ያሳልፉ እላለሁ። ጨቅላ ልጅ ሲሞቀው አይናገርም፤ ጡት መሳብ ይተዋል፣ ይፈዛል። ብርድ እንዳይነካው ተብሎ ሕፃኑ ላይ ጋቢ በጋቢ መደረብ በሙቅ ቀን አደጋ ነው።

ከሐረር ሩቅ ባልሆነችው በቀርሳ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ይመዘግባል። እኛም በየማዋለጃ ክፍሉ የእናቲቱን ዕድሜ፣ የልጁን ክብደት፣ የተወለደበትን ሰዓት እንጽፋለን። የዕለቱን ሙቀት ግን አንጽፍም። በግድግዳው ላይ አንድ ቴርሞሜትር፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመር ሞተው የተወለዱትና ያለጊዜያቸው የመጡት ልጆች በየትኞቹ ቀናት እንደበዙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማየት እንችላለን። ለፈረስ መጋላ ሴቶች ጥላና መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ስንጠይቅም የምናሳየው ማስረጃ ይኖረናል።