ሽልንግ ስለ መመንዘርና በውጭ አገር ስለ መክፈል

ዛሬ የምንነጋገረው ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው ከአገሩ ሲወጣ ገንዘቡን እንዴት እንደሚመነዝርና እንዴት እንደሚከፍል ነው።

ለእኛ ለዲላ ሰዎች ውጭ አገር ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በከተማችን የሚያልፈው አስፋልት ይርጋጨፌን፣ ቡሌ ሆራንና ያቤሎን አቋርጦ ሞያሌ ይደርሳል። ከዲላ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ኬንያ ነው፤ የሚሠራበትም ገንዘብ ሽልንግ ነው።

እንግዲህ አንድ የወናጎ ገበሬ የቡናውን ሽያጭ ይዞ፣ ልጁን ለማሳከም ወደ ናይሮቢ ይሄዳል እንበል። ፓስፖርቱንና የጉዞ ማስረጃውን ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው ባንክ ነው። እዚያ ከእያንዳንዱ አገር ገንዘብ ፊት ለፊት ሁለት ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ ያገኛል፤ አንዱ «መግዣ»፣ ሁለተኛው «መሸጫ» ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰሌዳው ላይ ገዢውም ሻጩም ባንኩ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። መግዣ ማለት ባንኩ ዶላር ከእኛ ሲገዛ የሚከፍለን ነው። መሸጫ ማለት ደግሞ ለእኛ ሲሸጥልን የሚያስከፍለን ነው።

እስቲ ለሂሳብ እንዲቀለን የ1 ዶላር መግዣ 150 ብር፣ መሸጫው 153 ብር ነው እንበል። ሰውዬው 100 ዶላር ሲገዛ 15,300 ብር ይከፍላል። ጉዞው ቀርቶ በማግስቱ ያንኑ 100 ዶላር ቢመልስ ግን የሚቀበለው 15,000 ብር ነው። 300 ብሩ የት ሄደ? የባንኩ ትርፍ ነው እኮ፤ ማንም አልሰረቀውም። ዶላሩን ናይሮቢ ላይ ወደ ሽልንግ ሲለውጥም እንደዚሁ ይቀነስበታል። ገንዘብ በተመነዘረ ቁጥር ይሸረፋል። አንዳንዱ መንዛሪ ደግሞ ዋጋውን አሳምሮ ይጽፍና የአገልግሎት ብሎ ይቆርጣል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት «ሁሉ ተቆርጦ እጄ ላይ የሚገባው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

ዱሮ የዶላር ዋጋ አይነቃነቅም ነበር። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ለብዙ ዓመታት 2 ብር ከ7 ሣንቲም ነበረ፤ በዚያ ዓመት 5 ብር ሆነ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሔራዊ ባንክ ዋጋውን ለገበያ ስለ ለቀቀው የባንኮች ሰሌዳ ይለያያል። ሁለት ሦስት ባንክ መጠየቅ አይከፋም። በ2015 ዓ.ም. 1 ብር በባንክ ዋጋ ከ2 ሽልንግ በላይ ያወጣ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ሽልንጉ ብሩን በለጠው። የዱሮውን ሂሳብ በልቡ ይዞ የሄደ ሰው «1,000 ሽልንግ ማለት እኮ 500 ብር አይሞላም» እያለ የሕክምናውን ገንዘብ በመንገድ ይጨርሳል።

ድንበር ላይ በመንገድ ዳር መመንዘር ሕግ የከለከለው ነው። ከዚህም ሌላ አሮጌ ኖት ሊያስታቅፏችሁ ይችላሉ። እኛ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብሩን እንደ ለወጥን ሁሉ፣ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክም አሮጌውን ባለ 1,000 ሽልንግ ከመስከረም 20 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሽሮታል። የተሻረው የጆሞ ኬንያታ ትልቅ የፊት ምስል ያለበት ነው፤ በአዲሱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ረጅም የናይሮቢ ሕንፃ ነው። ብር ይዞ ለመውጣትም ገደብ አለው። መጠኑን የሚወስነው መመሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከመነሣታችሁ በፊት ባንክ ጠይቁ።

አሁን ገበያ ገባን። በሱዋሂሊ መቶ «ሚያ» ነው። «ኤልፉ» ሲሏችሁ ግን እንዳትደነግጡ! እኛ እልፍ የምንለው 10,000 ነው፤ የእነሱ ኤልፉ 1,000 ነው። ቃሉ ዘመድ ነው፣ ቁጥሩ ግን ይለያያል።

ኬንያውያን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በስልክ፣ በኤም-ፔሳ ይከፍላሉ። ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ወደ እኛም አገር ገብቷል፤ የእኛው ግን በብር፣ የእነሱ በሽልንግ ነው። ስትከፍሉ ስልኩ የተቀባዩን ስም ያሳያል። ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት ስሙን አንብቡ፤ የተላከ ገንዘብ በልመና ነው የሚመለሰው። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ያስቸግራል የምትሉ አላችሁ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጌዴኦፋ የተማሩ አባቶችና እናቶች በግዕዝ ፊደል ነበር የተማሩት። የዛሬ ልጆች ግን ጌዴኦፋን በላቲን ፊደል ስለሚማሩ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ፊደሉን ልጆቻችሁ ያስቆጥሯችሁ።

የተረፋችሁን የሽልንግ ሣንቲም እዚያው ጨርሱት፤ ባንኮቻችን የውጭ ሣንቲም አይመነዝሩም።

በሉ እርሳስ አንሡ። መግዣው 150፣ መሸጫው 153 ብር ነው። አንዲት የጨለለቅቱ ሴት ወንድሟ የላከላትን 40 ዶላር ወደ ባንክ ይዛ ብትሄድ የምትቀበለው 6,000 ብር ነው ወይስ 6,120?